አማቴ የቆረጡት ላስቲክ

ሮቤ ውስጥ መኪና ቆሞ ክዳኑ ከተከፈተ የአገሩ ወንድ ሁሉ መካኒክ ነው። ሥራ ያለውም ሥራ የሌለውም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይመጣል፤ አንገቱን ያሰግጋል፤ ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው "ካንዴላ ነው" ይላል። ቀጥሎ የመጣው "ባትሪ ነው" ይላል። ሦስተኛው ሁለቱንም በንቀት አይቶ "የለም፣ ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበታል" ይላል። አንዳቸውም ግን ጎንበስ ብለው አያዩም። ጎንበስ ብሎ ማየት አለማወቅ ይመስላቸዋል።

ይህን የምለው በጥላቻ ሳይሆን በልምድ ነው። እሺ፣ ትንሽ ጥላቻም አለበት። እዚሁ ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የጥገና ሰዎች መስኮቴ ላይ መጥተው፣ የተበላሸውን ሳያዩ የሚቀየረውን ይጠይቁኛል። አዲሱን ዕቃ ወስደው ይገጥሙና መኪናው እንደ በፊቱ ሲያስነጥስ "ዕቃው ፎርጅድ ነው" ብለው መልሰው ይወረውሩልኛል። ስለዚህ የአማቴ ቮልስ ቤንዚን ማፍሰስ ስትጀምር ከማን ምን እንደምጠብቅ አውቅ ነበር።

አማቴ የባለቤቴ አባት ናቸው። ጉልበት በነበራቸው ጊዜ ከጎባ ተነስተው የሳነቴን ተራራ እያቋረጡ ወደ ቆላው ጭነት ሲያመላልሱ የኖሩ ሾፌር ነበሩ። ጡረታ ከወጡና ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ከእኛ ጋር ሮቤ መኖር ጀመሩ። ይዘው የመጡት አንድ ሻንጣ፣ አንድ ጋቢ እና ይህችን ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ ቮልስ ነው። ጉልበታቸው ፍሪሲዮን መርገጥ እምቢ ካለ ወዲህ የምነዳቸው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎባ እወስዳቸዋለሁ። እዚያ አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ የድሮ ሾፌሮችና መካኒኮች ወንበር ይዘው ይጠብቋቸዋል። ሳምንቱን ሙሉ የሚኖሩት ለዚያች ቅዳሜ ነው። በባጃጅ እንሂድ ቢባሉ "እኔ ሦስት እግር ያለው ነገር ላይ የምቀመጠው በርጩማ ከሆነ ብቻ ነው" ይላሉ።

ችግሩ የጀመረው በቤንዚን ሽታ ነው። መጀመሪያ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ራሱን ያመው ጀመር። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ከሞተሩ ሥር ሲሚንቶው ላይ እርጥብ ነገር መታየት ጀመረ። አንድ እሑድ ባለቤቴ ከቤት ሲወጣ፣ ያ እርጥብ ነገር የሲሚንቶውን ስንጥቅ ተከትሎ እኔ ከሰል ወዳቀጣጠልኩበት ምድጃ እየሄደ ነበር። ባለቤቴ ጩኸቱን ለቀቀው። ምድጃውን አንስቶ መንገድ ላይ አወጣ፤ መኪናዋን ግን አልነካም። ከዚያ አዲስ አበባ ላለው ወንድሙ ደወለ።

ወንድሙ መፍትሔ ነበረው። እሱ ሁልጊዜ መፍትሔ አለው፤ ሁልጊዜም መፍትሔው አንድ ነገር መሸጥ ነው። አሮጌ መኪና የሚሰበስብ ሰው ያውቃል። ሰውዬው ቮልሶችን ሮዝ ቀለም እየቀባ የሠርግ አዳራሽ በር ላይ ያቆማቸዋል፤ ሙሽሮች ተደግፈዋቸው ፎቶ ይነሳሉ። መኪኖቹ አይሄዱም፤ መሄድም አይጠበቅባቸውም። ሁለቱ ወንድማማቾች በስልክ ተነጋግረው እስከ ፋሲካ ማፍሰሷን ካላቆመች እንድትሸጥ ወሰኑ። ይህን ለአባታቸው የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ አፉን ሞልቶ መናገር አቅቶት በር ላይ ቆሞ ጫማውን ያይ ነበር።

አማቴ አልተቆጡም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው "እንግዲህ እዚህ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ የማን ዶሮ የማን ግቢ ገባች ስል ልሞት ነው" አሉ። ያን ማታ ራት አልበሉም። እኔም ለሁለት ቀን ያህል ከባለቤቴ ጋር አልተነጋገርኩም።

ከዚያ መካኒኮቹ መምጣት ጀመሩ። አንደኛው እዚሁ ሮቤ ጋራዥ ያለው ሰው ነው፤ መንዳት ያስተማሩት አማቴ ናቸው። ግቢ ሲገባ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ትከሻቸውን ሳመ። "አካም ቡልታን ጋሼ፣ አባ ኮ!" አለ፣ እንዴት አደሩ አባቴ ሲል። አማቴ ወንበራቸውን ከሞተሩ አጠገብ አስደርገው ይጠብቁ ነበር። ሰውዬው ክዳኑን ከፈተ፤ ካርቡራተሩን አየ፤ ትንሽ ቆም አለ፤ ቀና ብሎ አማቴን አየ። ከዚያ ከኪሱ ቁራጭ የልብስ ሳሙና አውጥቶ ካርቡራተሩ ዙሪያ መለጠፍ ጀመረ።

"ሳሙና?" አልኩት።

"እኅቴ፣ ሳሙና ቤንዚን ይይዛል" አለኝ፣ ለሕፃን እንደሚናገር።

ይዞ ነበር፣ እስከ ማግስቱ። ሁለተኛው መካኒክ የቤንዚን ቱቦውን ቀየረ። ሦስተኛውን ከጎባ አመጣነው፤ ያ ቅዳሜ ቅዳሜ ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ከአማቴ ጋር የሚቀመጠው ነው። እሱ የቤንዚን ፓምፑን ቀይሮ "አሁን ጨርሰናል" አለ። ከጨረሰ በኋላም ቤንዚኑ ጠብ ጠብ ማለቱን አላቆመም። ሦስቱም ካርቡራተሩን አይተው ቆም ብለዋል፤ ሦስቱም ቀና ብለው ሽማግሌውን አይተዋል፤ ሦስቱም ሌላ ነገር ነክተው ሄደዋል። ሲወጡ ደግሞ ሁሉም "ጋሼ፣ የእርስዎ እጅ ያረፈበት ነገር አይበላሽም" ብለው ነው የሄዱት። አንድም ሰው የካርቡራተሩን ክዳን አልፈታም።

በመሃል መካሪም አልጠፋም። አንድ ጎረቤታችን፣ በሕይወቱ ከብስክሌት በላይ ነድቶ የማያውቅ፣ መጣና "በመጀመሪያ ሞተሩን ማየት አለብኝ፤ ክፈቺልኝ" ብሎ ወደ ፊተኛው ክዳን ጠቆመ። ከፈትኩለት። ትርፍ ጎማ አየ። ለረጅም ጊዜ አየው። የቮልስ ሞተር ከኋላ መሆኑን ልነግረው አልፈለግሁም፤ ደስ እያለኝ ነበር።

ፋሲካ እየቀረበ መጣ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ቀርቼ ራሴ ገባሁበት። ሞተሩ ቀዝቅዞ ነበር። ካርቡራተሩን ከላይ እስከ ታች በደረቅ ጨርቅ ጠረግሁት፤ የሳሙናውን ቅሪት በጥርስ ብሩሽ አነሳሁ። ከዚያ ከጓዳ የሲናና ስንዴ ዱቄት አመጣሁና በቀጭኑ ነሰነስኩበት። ባለቤቴ "ኬክ ልትጋግሪ ነው?" አለኝ። ገብተህ ቁልፉን አዙር፣ ዝም በል፣ አልኩት። ሞተሪኖው ትንሽ እንደዞረ አስቆምኩትና ጎንበስ ብዬ አየሁ።

የቱቦው ዱቄት ደረቅ ነው። የፓምፑም ደረቅ ነው። የካርቡራተሩ ሆድና ክዳኑ የሚጋጠሙበት መስመር ላይ ግን ዱቄቱ ወደ ሊጥነት ተለውጦ ቁልቁል ይወርድ ነበር። እዚያው መስመር ላይ፣ ከክዳኑ ሥር፣ ጥቁር ላስቲክ ምላሱን አውጥቷል። በዚያ ቦታ መኖር ያለበት ጓርኒሲዮን የሚሉት፣ ፍሳሽ የሚያግድ ስስ ወረቀት እንደሆነ ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ ስልክ ላይ የቪዲዮ ትምህርት ማየት ይበቃል። ሦስቱ ሰዎች ያዩት ይህንን ነው። አይተው ዝም ያሉት ይህንን ነው።

በማግስቱ ወደ መጀመሪያው መካኒክ ጋራዥ ሄድኩ። "ላስቲኩን አይተኸዋል" አልኩት። ዙሪያውን አየ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አይቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን አላወጣኸውም?"

"እንዴት ላውጣው? የጋሼ ላስቲክ እኮ ነው!"

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ታሪኩን እኔም መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በረንዳው ላይ የማይወራበት ቀን የለም። አማቴ ቮልሷን እንደገዙ ሰሞን ከሪራ ሲመለሱ፣ ሳነቴ አናት ላይ፣ ጉም ባለበት፣ የካርቡራተሩ ጓርኒሲዮን ተቀደደባቸው። ቤንዚኑ መፍሰስ፣ መኪናዋም መቆም። እሳቸው በቢላ ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪ ላይ ላስቲክ ቆርጠው፣ በዚያ ብርድ በደነዘዘ ጣታቸው ለክተው፣ ገጥመው ወደ ጎባ ገቡ። ጀግንነት ነው፤ አልክድም። ያ ላስቲክ ለአንድ መንገድ የተሠራ ነበር። የጎማ ላስቲክ ቤንዚን ይጠጣል፤ ያብጣል፤ ይለሰልሳል። እሳቸው ግን ሲያረጅ ያንኑ ዓይነት እየቆረጡ ተኩ፤ ማፍሰስ ሲጀምር ብሎኑን ይበልጥ አጠበቁ። ሥራው የእሳቸው ስለሆነ፣ ታሪኩም ስለሚወራ፣ አንድም ሰው "ይህ ልክ አይደለም" አላላቸውም።

"እሳት ቢነሳስ?" አልኩት።

"አላህ ይጠብቀን" አለ። "ጋሼን 'ተሳስተዋል' ልበላቸው? ወላሂ አፌ አይለውም። ማል ጎና፣ ሽማግሌ ናቸው።"

ምን እናድርግ ነው የሚለው። መንዳት ያስተማሩትን ሰው በየቅዳሜው በቤንዚን ሽታ ታፍነው ሲሄዱ ያያል፤ ጎናቸው እኔ ተቀምጫለሁ፤ እሱ ምን እናድርግ ይላል። ይህ አክብሮት የሚሉት ነገር እዚህ አገር ለብዙ ሰው ስንፍናውን የሚሸፍንበት ነጠላ ነው። ለመናገር ድፍረት ያጣ ሁሉ አክባሪ ይባላል፤ እጅ ይነሳል፤ ወንበር ይለቃል፤ ከዚያ አንተ ስትቃጠል ዳር ቆሞ ያያል። ይህንኑ በፊቱ አልኩት። ፈገግ ብሎ "ተናደሽ ነው" አለ።

ቤት ተመልሼ የካርቡራተሩን ክዳን ፈታሁት። አማቴ ከሰዓት እንቅልፍ ላይ ነበሩ። ላስቲኩ እንደ ታመመ ምላስ አብጦ ነበር፤ ስጎትተው ተቆራረጠ። ከሥሩ ያለው ብረት ደግሞ ለዓመታት ከመጠን በላይ ተጠብቆ ጠምሟል፤ የአንዱ ብሎን ጥርስ አልቋል። ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይሮ የሚዳን አልነበረም። ፎቶ አንስቼ አዲስ አበባ ለሚገኝ የመለዋወጫ ነጋዴ ላክሁ። ሙሉው ካርቡራተር በአውቶቡስ መጣልኝ፤ ካርቶኑን ስከፍተው ባለቤቴ "ትገጥሚዋለሽ?" አለኝ። መፍቻውን አንስቼ ወደ ግቢ ወጣሁ።

መግጠሙ ከባድ አልነበረም። የጋዙን ሽቦ ፈታሁ፤ አየር የሚዘጋውን የአሪያውን ገመድ፤ ቱቦውን፤ ከሥር የሚይዙትን ሁለት ዳዶዎች። አሮጌው ሲነሳ ወደ ሞተሩ የሚገባው ቀዳዳ ባዶ ሆኖ ቀረ፤ አንድ ነገር ቢወድቅበት ሞተሩን ይበላልና ንጹሕ ጨርቅ ወተፍኩበት። ከካርቡራተሩ ሥር የነበረውን አሮጌ ወረቀት በጥንቃቄ ፋቅሁ፤ አዲሱን አስቀመጥሁ፤ አዲሱን ካርቡራተር ጫንኩ። ብሎኖቹን ጣቴ እስከሚበቃው፣ ከዚያ በመፍቻ ትንሽ ብቻ አጠበቅሁ። የሮቤ አየር ቀጭን ስለሆነ ሚኒሞውን፣ ሞተሩ ጋዝ ሳይረገጥ የሚዞርበትን ልክ፣ ማስተካከል ጊዜ ወሰደብኝ፤ መጀመሪያ ሞተሩ ተንተባተበ፤ ቆይቶ ግን አንድ ወጥ ሆኖ ዞረ። እንደገና ዱቄት ነሰነስኩ። ሳይርስ ቀረ። ዱቄቱን እያየሁ ብቻዬን ሳቅሁ።

አማቴ ድምፁን ሰምተው ወጡ። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ሞተሩን አዳመጡ። "ማን ሠራት?" አሉ።

"እኔ።"

"ምን ነበረች?"

እዚህ ጋ ልዋሽ እችል ነበር። ፓምፑ ነበር ብል፣ ማንም አይጎዳም፤ ዓለሙ ሁሉ ሲዋሻቸው የኖሩ ሰው ናቸው። ግን ከዚያ መካኒክ ጋር አንድ ላይ መቆም ጠላሁ። ቁርጥራጩን ላስቲክ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥሁ።

"አባባ፣ ይህ ነው። የእርስዎ ላስቲክ ነው። ቤንዚን ያሳብጠዋል። ከመጀመሪያው ከዚያ መንገድ በኋላ መውጣት ነበረበት።"

አገላብጠው አዩት። በአውራ ጣታቸው ጨመቁት፤ እንደ ጭቃ ተፈረካከሰ። ፊታቸው ቀላ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ።

"ሰዎቹ አይተውታል?" አሉ።

"አይተውታል።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

"ያ እኔ ያስተማርኩትም?"

"እሱም። አፌ አይለውም አለኝ።"

ቅዳሜ ጠዋት ሸሚዝ ቀይረው ቀድመውኝ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጡ። በረንዳው ላይ ያሉት ሁሉ ተነሱላቸው፤ ወንበር ተለቀቀ፤ ሻይ ታዘዘ። የጎባው መካኒክ፣ ፓምፑን የቀየረው፣ ወደ መኪናዋ ሄዶ አፍንጫውን ወደ ሞተሩ አስጠጋ። ሲመለስ እጁን እያፋተገ "ጋሼ፣ ሽታው ጠፍቷል! በመጨረሻ ያ ላስቲክዎ ያዘ ማለት ነው" አለ። ሌሎቹ "ድሮስ!" አሉ። አንዱ የሳነቴውን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀመረ።

አማቴ ስኒያቸውን አስቀመጡ። "ብንቃጠል ኖሮ፣ እኔና ይህች ልጅ፣ ለቅሶው ላይም ስለ ላስቲኩ ታወሩ ነበር" አሉ።

ሁሉም ከት ብለው ሳቁ። የጎባው መካኒክ "ጋሼ ጨዋታዎ!" ብሎ ጉልበቱን መታ። እኔ ነኝ ያልሳቅሁት፤ አማቴም አልሳቁም። ሻዩን ሳይጨርሱ ተነሱ። ደገፍኳቸው። በመስተዋቱ ሳይ ሰዎቹ አሁንም እየሳቁ እጃቸውን ያወዛውዙ ነበር።

ፋሲካ አለፈ። ስለ መሸጥ ማንም አላነሳም። ባለቤቴ ለወንድሙ "ሠራናት" ብሎ ሲነግረው በጆሮዬ ሰማሁ፤ ሠራናት አለ፤ ይሁን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን አማቴ ከወንበራቸው አልተነሱም። ከዚያ በሚቀጥለውም። መኪናዋ ግቢው ውስጥ ደርቃ፣ ምንም ሳትሸት ቆማለች፤ እሳቸው የቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጠው የጎረቤት ዶሮ ያያሉ። መኪናዋን አድኜ የምትሄድበትን ቦታ ያጠፋሁባቸው እኔ ነኝ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ሲመጣ ጋቢያቸውን አምጥቼ ትከሻቸው ላይ ጣልኩና "ተነሱ" አልኳቸው።

"ወዴት?"

"እርስዎ ይበሉኝ።"

"ወደማያውቁኝ ሰዎች" አሉ።

ጎሮ ከተማ ሄድን፤ የገበያ ቀን ነበር። ከብቱንና ሰዉን እየሰነጠቅን ስንገባ መሪው ወደ አንድ ጎን መሳብ ጀመረ፤ አንድ ጎሚስታ ቤት በር ላይ ቆምኩ። ጎሚስታው ጎልማሳ ነው፤ ሰላምታም አልሰጠን። ጎማውን በእግሩ መታው፤ ጎንበስ ብሎ በእጁ ዳሰሰው፤ ቀና ብሎ መስኮቱ ላይ ተደግፎ አማቴን አፈጠጠባቸው።

"አባ ኮ፣ ይህ ምንድን ነው? ክሩ ወጥቷል እኮ! እብድ ነዎት? በዚህ ጎማ ከሮቤ ድረስ? ይህችንም ሴትዮ ሊገድሏት ነው? ይውረዱ፤ ሳልቀይረው አትሄዱም!"

አፌን ልከፍት ስል አማቴ ክንዴን ያዙኝ። ቀስ ብለው ወረዱ፤ ሰውዬው ያቀረበላቸው ወንበር አልነበረም፤ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። ጎሚስታው እየሠራ ያጉረመርማል፤ በዚህ ዕድሜ ማሰብ አይቻልም ወይ ይላል፤ እሳቸው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ፊታቸው በርቶ ነበር። ከጎባው ሻይ ቤት በረንዳ ከተነሱ ወዲህ እንዲያ አላየኋቸውም።

"ሰማሽው?" አሉኝ በሹክሹክታ። "ይህ ሰው እንድሞት አይፈልግም።"